ለባቡር በር የተባለ አሜን

አስቀድሜ ልንገራችሁና ልገላገል፤ እኔ መንገድ አላውቅም። ይህን የምለው ራሴን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ማቴዎስ ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው። እሱ ይህን ወሬ ላገኘው ሰው ሁሉ በነጻ ያድላል።

ወሬው ደግሞ እውነት ነው። ተወልጄ ባደግኩባት ሀዋሳ፣ ከአዲስ ከተማ ፒያሳ ልሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሲገፈፍ እያየሁ ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ ነው እንዳትሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ስለ ልጇ ሰርግ እያወራችኝ ነበር፤ ሰርግ ደግሞ ግማሽ ላይ ትቶ አይወረድም። የሙሽራዋን ቀሚስ ማን እንደሰፋው ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልውረድ? ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ።

ልብስ ሰፊ ስላችሁ ደግሞ ሱሪ አሳጥር፣ ዚፕ ቀይር የሚባለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። እኔ የምሰፋው የምረቃ ጋውን ነው። በዚህ ከተማ ጋውን አከራይቶ የሚያድር ሰው ሁሉ ይመጣብኛል። ሀዋሳ ተመርቃችሁ ፎቶ የተነሳችሁ ካላችሁ ፎቷችሁን አውጡና ትከሻችሁን እዩት። ስፌቱ ቀጥ ካለ የእኔ ነው። ከተንጋደደ የሌላ ሰው ነው፤ ስም አልጠራም።

እና ስንት ዘመን ሙሉ የሰው ልጅ የእኔን ጋውን ለብሶ ሲመረቅ፣ እኔ ማሽኔ ላይ አቀርቅሬ የሚቀጥለውን እሰፋለሁ። አንድም ቀን አዳራሽ ገብቼ አይቼ አላውቅም። አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችን ሴት ማን ብሎ ይጠራታል? ልጄ ሩት የሕክምና ትምህርት ዕድል አግኝታ ሞስኮ የሄደች ዕለት ግን ለራሴ ማልኩ። የዚህችን ልጅ ምረቃ በዓይኔ አያለሁ። ሰማይ ቢገለበጥ አያለሁ።

ዓመታቱ አለፉና ሩት ደወለች። ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ተመራቂ አንድ እንግዳ እንዲጋብዝ ፈቅዷል፤ የግብዣው ወረቀት የሚጻፈው በአንድ ሰው ስም ነው።

«ግን እማ፣ አንድ ችግር አለ» አለችኝ። «የምትመጪበት አውሮፕላን የሚያርፈው በምረቃው ዕለት ጠዋት ነው። እኔ አዳራሽ ነኝ። ጓደኞቼም አብረውኝ ነው የሚመረቁት። የሚቀበልሽ ሰው የለም።»

«ታዲያ?»

«ከኤርፖርት አውቶቡስ ትይዣለሽ። ከዚያ ሜትሮ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላ አውቶቡስ።»

«እሺ» አልኳት፣ እዚሁ ከመናኸሪያ አቶቴ ሰፈር የምሄድ ይመስል። ስልኩን ዘግቼ ሦስቱን መጓጓዣ በጣቴ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ ያን ግን እሷ በስልክ አታየውም።

ጋሼ ማቴዎስ ወሬው እንደደረሰው ቤተሰቡን ሰበሰበ። ጋሼ የቤታችን ታላቅ ነው፤ የጸሎት ቡድናችንም መሪ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ለአጭር ሥልጠና ናይሮቢ ሄዶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ «ናይሮቢ እያለሁ» ሳይል የጀመረውን ነገር አይጨርስም። ዝናብ ቢዘንብ የናይሮቢውን ዝናብ ያመጣል። ሳል ቢይዘው ናይሮቢ የያዘውን ሳል ያስታውሳል።

«እንግዲህ ይሄ ነገር የውጭ አገር ልምድ ይጠይቃል» ብሎ ጀመረ። «ይቺ እህቴ በፍቼ ጨምበላላ በዓል ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ጠፍታ በድምፅ ማጉያ ያስጠራናት ሴት ናት። ሞስኮ ላይ ማን ያስጠራታል? ግብዣው በእኔ ስም ይጻፍና እኔ ልሂድ። ምረቃውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክ ቀርጬ አመጣላታለሁ።»

ዘመድ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ተነሳሁ።

«ጋሼ፣ ያማጥኳትም በስልክ ተቀርጾ ነው እንዴ?»

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ ቋንቋውስ? አንዲት ቃል ታውቂያለሽ?»

«እማራለሁ።»

«ምን?»

«ሩሲያኛ ነዋ! ሞስኮ ሄጄ ጀርመንኛ ልናገር ነው?»

ሳቁ፤ የራሴ እህት ሳይቀር እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ጋሼ ብቻ አልሳቀም። «ይጸለይበት» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። በእኛ ቤት «ይጸለይበት» ማለት «አይሆንም» ማለት ነው፤ ብቻ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚደርሳችሁ።

ከቤታችን ጀርባ ጋሽ ደስታ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ። አገሩ ሶቪየት በሚባልበት ዘመን ሄደው እርሻ የተማሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሩሲያኛቸውን የጠየቃቸው ሰው የለም። ሄጄ «ጋሽ ደስታ፣ ያስተምሩኛል?» ስላቸው መልስ ሳይሰጡኝ ገብተው ኮት ለብሰው ወጡ። ሐምሌ እንኳ ኮት የማይለብሱ ሰው ናቸው።

«ሰላምታውና ስለ አየሩ ማውራቱ ይቆይ» አሉኝ። «ሰው መጀመሪያ መድረስ አለበት። የመጓጓዣውን እንያዝ።»

ያዝነው። ፌርማታ «አስታኖቭካ» ነው። ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መሳፈር «ፔሬሳድካ» ይባላል። ይቅርታ «ኢዝቪኒቴ»፤ እባክዎ «ፓዣሉስታ»። ሹፌሩን ደግሞ «ታቫሪሽ» ብዬ እንድጠራው መከሩኝ፤ ጓድ ማለት ነው። ሩትን በስልክ ብጠይቃት ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «እማ፣ አሁን እንደዚያ የሚል ሰው የለም!» አለችኝ። ለጋሽ ደስታ ስነግራቸው ፊታቸው እንደ መከፋት አለ። «እንዴት ይተዉታል? ጥሩ ቃል ነበር እኮ» አሉ። አሳዘኑኝና ቃሉን ሳልጥለው ያዝኩት።

የተጣላነው በመውረድ ጉዳይ ነው።

«‹ወራጅ አለ› በሩሲያኛ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«የለም።»

«እንዴት የለም? ሰው አይወርድም?»

«ይወርዳል። አይጮህም እንጂ። አውቶቡሱ ፌርማታው ጋ ሲደርስ ራሱ ይቆማል።»

«ሳልጠይቀው?»

«ሳትጠይቂው።»

«ሹፌሩ እንደምወርድ በምን አወቀ?»

«አያውቅም! ምን አገባው? ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ትወርጃለሽ።»

አላመንኳቸውም። ዕድሜዬን ሙሉ ሹፌር የማውቀው ለምነነው፣ ጮኸንበት፣ ጣራውን ደብድበን፣ ልንወርድ ካሰብንበት አልፎ ሲያቆም ነው። ሳይለመን የሚቆም ሹፌር ካለ ያን አገር ለማየት ብቻ ቢኬድም አይቆጭም።

ጋሽ ደስታ እንዳስረዱኝ እዚያ ጣጣው ሌላ ነው። ሰው ይታጨቃል። ከኋላ ያለው ሊወርድ ሲል ፊቱ የቆመውን «ቪ ቪሆዲቴ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሊወርዱ ነው ወይ ማለት ነው። የምትወርዱ ከሆነ «ቪሆዡ» ትላላችሁ፤ እወርዳለሁ። የማትወርዱ ከሆነ ዞር ብላችሁ ታሳልፋላችሁ። ዝም ካላችሁ ግን ተረግጣችሁ ትቀራላችሁ።

ይህ በቤት ወንበር አይለመድም ብለው ሚኒባስ ላይ አወጡኝ። እኔ ፊት፣ እሳቸው ከኋላዬ። መኪናው ገና ከመነሳቱ ትከሻዬን በጣታቸው ነካ አድርገው «ቪ ቪሆዲቴ?» አሉኝ። ደነገጥኩና ጠፋብኝ። ደግመው ነካ አደረጉኝ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ቪ ቪሆዲቴ?!»

«አባት፣ ሴትዮዋን ይተዉዋት!» አለች ዓሣ በፌስታል የያዘች ሴት።

ጢማሙ ረዳት አንገቱን አስገባ። «እናቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

«አላመመኝም! ሩሲያኛ እየተማርኩ ነው!»

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ለምን እንደምማር ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የልጄ ምረቃ ነው ስል ዓሣ የያዘችው ሴት እልል አለች። ኋላ ወንበር ያሉ አንዲት አሮጊት ወሬው አልገባ ብሏቸው ኖሮ ጎረቤታቸው በቋንቋቸው በሲዳሙ አፎ ሲያስረዳቸው ባሉበት ሆነው መረቁኝ። ሁለት ተማሪዎች ቃሉን ቶሎ ያዙት። መኪናው ሪፈራል ሆስፒታል ጋ ሲደርስ ሚኒባሱ በሙሉ በሩሲያኛ ነበር የሚወርደው። «ቪ ቪሆዲቴ?» ይላል አንዱ፤ «ቪሆዡ!» ይላል ሌላው። ረዳቱ ሳይቀር የመኪናውን ጎን እየመታ «ቪሆዡ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ ግን በአማርኛውም በሩሲያኛውም አልሰማም፤ አሳልፎ አቆመ።

እኔ ራሴ የት ልወርድ እንደነበር ረስቼው ደርሶ መልስ ሄድኩ። ይህን ለጋሼ እንዳትነግሩት።

ያን ሰሞን ሩት የሜትሮውን ድምፅ ቀርጻ ላከችልኝ። በየጣቢያው በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ድምፅ እንዲህ ይላል፤ «ኦስታሮዥና፣ ድቬሪ ዛክሪቫዩትሳ! ስሌዱዩሻያ ስታንትሲያ...»። ተጠንቀቁ፣ በሮቹ ሊዘጉ ነው፤ ቀጣዩ ጣቢያ እንዲህ ነው ማለት ነው። ይህችን በቃሌ ካልያዝኩ ባቡር ውስጥ እንደተዘጋብኝ ነው ብዬ ከማሽኔ ጋር አብሬ ስላት ዋልኩ። መርፌው ሲወርድ «ኦስታሮዥና»፣ ሲወጣ «ድቬሪ»። ምጣድ ሳሰማ፣ ልብስ ሳሰጣ እሷው ናት። መጨረሻ ላይ እኔ ሳልፈልግም አፌ ይለው ጀመር።

ጉድ የመጣው ረቡዕ በጸሎት ቡድናችን ላይ ነው። የኛን ጸሎት ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በአንድ ላይ ነው የሚጸልየው። የማንም ድምፅ ከማንም አይለይም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። ጌታ ሆይ፣ ሞስኮ አድርሰኝ። ጌታ ሆይ፣ አውቶቡሱን አታሳስተኝ። ጌታ ሆይ፣ ባቡሩ ውስጥ ስገባ... ባቡሩ ጋ ስደርስ አፌ የለመደውን ያዘ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሌላው ሰው ጸሎቱን አብርዶ ዝም ሲል እኔ አልሰማሁም ነበር። በዚያ ጸጥታ መካከል እጄን ዘርግቼ እጮሃለሁ።

«ኦስታሮዥና! ድቬሪ ዛክሪቫዩትሳ! ስሌዱዩሻያ ስታንትሲያ!»

«አሜን!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ጋሼ ማቴዎስ ቆሟል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። «ጌታ እህቴን በማታውቀው ቋንቋ፣ በልሳን አናገራት!» አለ። «ትርጓሜ ያለው ይናገር!»

እህት አስቴር ተነሳች። እህት አስቴር ከተነሳች ያለ ትርጓሜ አትቀመጥም። «በር አያለሁ» አለች እየተንቀጠቀጠች። «ትልቅ በር። በሩቅ አገር። በሩ ለዚህች እህት ይከፈታል ይላል!»

«አሜን!»

ጋሼ መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። «እንግዲህ እኔ ማን ነኝ የምከለክል? ትሂድ! በሩ ተከፍቶላታል፤ ትሂድ!»

ፍረዱኝ እስቲ። አሸንፌአለሁ። የቀረኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷም አሜን ነች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፌ ለዚያች ቃል ተከፍቶ ነበር። ግን ያለሁት በጸሎት ላይ ነው፤ ማን ፊት እንደቆምኩ አውቃለሁ። ደግሞ እልህ ያዘኝ። ያን ሁሉ ቀን ምላሴ እስኪላላጥ የለፋሁት እኔ ነኝ፤ ስሄድ መሄድ የምፈልገው ችላለች ተብዬ ነው፤ ሰው ተሳስቶልኝ አይደለም።

«ጋሼ» አልኩ። «ይሄ ልሳን አይደለም። ባቡር ነው።»

«ምን?»

«የሞስኮ ባቡር። በሩ ሊዘጋ ሲል የሚናገረው ነው። እያጠናሁ ነው፤ አመለጠኝ።»

ከኋላ አንድ ሰው ፊቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሌላው ጀመረ። ጋሼ መሀረቡን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያልደነገጠችው እህት አስቴር ብቻ ነበረች።

«በር አላልኩም?» አለች ወገቧን ይዛ። «በር መሆኑን አገኘሁት አይደል? መዘጋትና መከፈቱ ዝርዝር ነው!»

ጋሼ ሲወጣ ደጅ ላይ ጠበቀኝ። «በጉባኤ ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ በዚህ ነገር የለሁበትም። ብትሄጂም፣ ብትጠፊም።» ሲቆጣ ባየው ይሻለኝ ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያለ እሱ ምርቃት ከቤት ርቄ ሄጄ አላውቅም። ቢሆንም ቤቴ ገብቼ ለሩት ደወልኩ። «ግብዣውን በእኔ ስም አስጽፊ» አልኳት። «ጋሼ ተስማማ?» አለች። «እኔ ተስማምቻለሁ» አልኳት።

የምሄድበት ቀን ደረሰ። ጋሼ በነዚያ ሳምንታት ሁሉ ቤቴን አልረገጠም። ጎረቤት ባጃጅ ሊጠራልኝ ሲል የጋሼ መኪና ደጄ ላይ ቆመች። ሰላም አላለኝም። ሻንጣዬን አንስቶ ጫነ፤ በሩን ከፈተልኝ፤ ነዳ። እስከ ሀዋሳ ኤርፖርት ድረስ ስለ ናይሮቢ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄድን። ያኔ ነው የፈራሁት።

ሻንጣዬን አውርዶ መሬት መሬት እያየ ቆመ።

«ባቡሩ በሩ ሲዘጋ ምንድን ነው የሚለው?» አለኝ።

«ኦስታሮዥና፣ ድቬሪ ዛክሪቫዩትሳ።»

«አሜን» አለ ጋሼ። አምልጦት ነው፤ ለምዶበት።

ተያየን። መጀመሪያ እሱ ሳቀ። ሰው እስኪያየን፣ ጥበቃው ዞር እስኪል ሳቅን። ከዚያ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ፤ የመረቀኝን ግን አልነግራችሁም፤ የእኔና የእሱ ነው።

ሞስኮ ጋሽ ደስታ እንዳሉት ናት። አውቶቡሱ ሳይለመን ይቆማል፤ በዓይኔ አየሁት። ሲገባ ሰላም አይባልም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሰው ዘግቼ አልገባም ብዬ ለአውቶቡሱ በሙሉ «ዝድራስትቩይቴ!» አልኩ። ዝም አሉኝ፤ ይተዉት። ሜትሮው ውስጥ ገብቼ ያ የማውቀው ድምፅ በሮቹ ሊዘጉ ነው ሲል «አሜን!» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። ፔሬሳድካውን አንድ ጊዜ ተሳስቼ ተመለስኩ። ተሳስቼ መመለስ እኔ ሀዋሳ ላይ የተካንኩበት ሥራ ነው፤ ማንም አያስተምረኝም።

የመጨረሻው አውቶቡስ ላይ ታጭቀን ሳለ ትከሻዬን አንድ ጣት ነካው። ዞር ስል ሻርፕ ያሰሩ አሮጊት ናቸው።

«ቪ ቪሆዲቴ?» አሉኝ።

እኔን እኮ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል፣ መንገድ ታውቃለች ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«ቪሆዡ!» አልኩ። ከዚያም ለጋሽ ደስታ ስል ጨመርኩበት። «ቪሆዡ፣ ታቫሪሽ!»

አሮጊቷ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ ክንዴንም ይዘው አብረውኝ ወረዱ።

አዳራሹ ደጅ ላይ ጋውን የለበሰ ወጣት ሞልቷል። ሩት ከመሃል እየሮጠች መጣች። ጥቁር ጋውን፣ ቀይ ገበር። አቅፋኝ ከኋላዬ ሰው ትፈልጋለች።

«እማ! ማን አመጣሽ?»

አልመለስኩላትም፤ ዓይኔ ትከሻዋ ላይ ነበር። ስፌቱ ተንጋዷል፤ ክሩም ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ይህን የሰፋ ሰው እኔ ቤት ቢሆን ማሽን አላስነካውም። ጎንበስ ብዬ ክሩን በጥርሴ ቆረጥኩት፤ ጋውኑን በሁለት እጄ ሳብ አድርጌ አስተካከልኩላት። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው።

«አውቶቡስ» አልኳት። «ቀጥ በይ። አሁን ግቢና ተመረቂ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው።»